ከስቶክሆልም ሄልሲንኪ በመርከብ፦ ከቲኬቱ እስከ መልሱ

እማዬ እኛን ልትጠይቅ ከአዲስ አበባ ስቶክሆልም መጥታ ሳለ፣ ሄልሲንኪ የምትኖረው የአክስቴ ልጅ ጋ በመርከብ ልንሄድ ነው አልኳት። «ባሕር ላይ ይታደራል እንዴ?» አለችኝ። ይታደራል። አልጋ አለ፣ ሻወር አለ፣ ምግብ ቤት አለ። ጠዋት ሲነጋ ሌላ አገር ደርሳችኋል። ከዚያ ጉዞ ወዲህ ወላጅ የመጣላቸው ጓደኞቼ ሁሉ «እንዴት ነው የሚኬደው?» ስለሚሉኝ፣ የማውቀውን በቅደም ተከተል ላስቀምጠው።

መጀመሪያ ወረቀታችሁን እዩ

ቲኬት ከመቁረጣችሁ በፊት ፓስፖርታችሁን አውጡና ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡት። ስዊድንም ፊንላንድም እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ በአንድ ቪዛ በሚታለፍበት የአውሮፓ አገሮች ክልል፣ ሸንገን፣ ውስጥ ናቸው። በዚህ መስመር ስትሄዱ ኤርፖርት ላይ እንደምታውቁት ዓይነት የኢሚግሬሽን ሰልፍ የለም፣ ማህተምም አይመታም። ይህ ግን ያለ ወረቀት ይኬዳል ማለት አይደለም። ተርሚናሉ ላይ መታወቂያ ልትጠየቁ ትችላላችሁ፣ ስትወርዱም ፖሊስ ሊያስቆማችሁ ይችላል።

የስዊድን ዜጋ ከሆናችሁ ፓስፖርት ወይም ብሔራዊ መታወቂያ ካርድ ይበቃል። የኢትዮጵያ ፓስፖርትና የስዊድን መኖሪያ ፈቃድ ያላችሁ ሁለቱንም ያዙ። ሁለቱም ዋናው፣ ሁለቱም ጊዜው ያላለፈበት መሆን አለበት። በዚህ ወረቀት ሌላ የሸንገን አገር ውስጥ በማንኛውም 180 ቀን ውስጥ እስከ 90 ቀን መቆየት ይቻላል። የመኖሪያ ፈቃዱ ካርድ ኖሮ ፓስፖርቱ ጊዜው ካለፈበት ግን ጉዞው ይቅር፤ መጀመሪያ ፓስፖርቱን አሳድሱ።

ወላጅ ለምታጓጉዙ ደግሞ አንድ ነገር ልንገራችሁ። የእማዬ ቪዛ አንድ ጊዜ ብቻ የሚያስገባ ነበር። «ከስዊድን ከወጣች መመለስ አትችልም» ብለው ያስፈራሩን ነበሩ። ልክ አይደለም። ከስቶክሆልም ሄልሲንኪ መሄድ ከሸንገን መውጣት ስላልሆነ ያ አንድ መግቢያ አይነካም። ማየት ያለባችሁ ቪዛው ላይ የተጻፈውን የመጨረሻ ቀንና የተፈቀደውን የቀን ብዛት ነው። ፊንላንድ ያደራችሁትም ከዚያው ላይ ይቆጠራል።

ጥገኝነት ጠይቃችሁ መልስ የምትጠብቁ፣ እጃችሁ ላይ ያለው የጥገኝነት ጠያቂ ካርድ ብቻ ከሆነ፣ እባካችሁ አትሳፈሩ። ያ ካርድ የጉዞ ሰነድ አይደለም። ፊንላንድ ላይ ቢይዟችሁ ጉዳያችሁ ላይ ጣጣ ያመጣል። መልሱ እስኪመጣ ታገሱ፤ መርከቡ የትም አይሄድም።

ፎቶ ወረቀት አይደለም። አንድ ወዳጄ የፓስፖርቱን ፎቶ ስልኩ ላይ ይዞ ሄዶ ከበሩ ተመልሷል። ሚስቱና ልጆቹ ተሳፍረው እሱ በአውቶቡስ ወደ ቤት ተመለሰ። ልጅ የምትይዙም ለእያንዳንዱ ልጅ የየራሱን ሰነድ ያዙ። ከወላጅ አንዱ ብቻ የሚሄድ ከሆነ የሌላኛው ወላጅ ፈቃድ በጽሑፍ መኖሩ ከብዙ ጥያቄ ያድናል።

ቀንና ወቅት መምረጥ

ሁለት ዓይነት ቲኬት አለ። አንዱ መሄጃ ብቻ ነው። ሌላው ስዊድኖች «ክሪስኒንግ» የሚሉት የደርሶ መልስ ጉዞ ነው። በክሪስኒንጉ አንድ ሌሊት ሄዳችሁ፣ ቀኑን ሄልሲንኪ ውላችሁ፣ አመሻሹ ላይ በዚያው መርከብ፣ በዚያው ክፍል ትመለሳላችሁ። ሻንጣችሁን ክፍሉ ውስጥ ትታችሁ መውጣት ትችላላችሁ ማለት ነው። ዘመድ ጋ የማታድሩ ከሆነ ይኼኛው ይሻላል። ብዙ ጊዜም ከመሄጃ ብቻው ብዙም አይወደድም።

ዋጋው እንደ ቀኑ ይለያያል። ከእሁድ እስከ ረቡዕ ርካሽም ነው፣ ጸጥ ያለም ነው። ዓርብና ቅዳሜ መርከቡ የጭፈራ ቤት ይሆናል። ሰው ሊጠጣና ሊጨፍር ነው የሚሳፈረው፣ ኮሪደሩ ላይ እስከ ሌሊት ድረስ ጫጫታ አለ። እናትና ልጅ ይዛችሁ ዓርብ አትሂዱ። ወጣቶችም ያለ ቤተሰብ ስትሄዱ የዕድሜ ገደቡን ቲኬት ከመቁረጣችሁ በፊት እዩ፤ እንደ ቀኑና እንደ ጉዞው ይለያያል።

ከወቅት ከግንቦት እስከ ነሐሴ ያለውን እመርጣለሁ። የዚህ ጉዞ ትልቁ ነገር ከስቶክሆልም ስትወጡ የምታዩት ነው። በታኅሣሥ ፀሐይ ከቀትር በኋላ 9 ሰዓት ገደማ ስለምትጠልቅ መርከቡ ሲነሳ ጨልሟል። በሰኔ ግን እስከ ማታው 4 ሰዓት ድረስ ብርሃን ነው።

የትኛው ተርሚናል?

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። በዚህ መስመር ሁለት ትልልቅ ካምፓኒዎች አሉ፤ ቫይኪንግ ላይንና ታሊንክ ሲልያ። የሚነሱት ከአንድ ቦታ አይደለም። ቫይኪንግ የሚነሳው ከስታድስጎርደን ነው፤ ከስሉሰን ሜትሮ ጣቢያ በእግር 20 ደቂቃ ያህል ያስኬዳል። ሲልያ የሚነሳው ከቬርታሃምነን ነው፤ በቀዩ የሜትሮ መስመር ዬርዴት ወርዳችሁ ትንሽ ትራመዳላችሁ። ሁለቱ የከተማው የተለያየ ጫፍ ላይ ናቸው። በተሳሳተው ተርሚናል ከተገኛችሁ ታክሲም ላያደርሳችሁ ይችላል። ሄልሲንኪም እንደዚያው ነው፤ ቫይኪንግ ካታያኖካ፣ ሲልያ ኦሊምፒያ ተርሚናል ይቆማል። ሊቀበል የሚመጣ ዘመድ ካለ የተርሚናሉን ስም ጽፋችሁ ላኩለት።

ካቢን ስትመርጡ

በጣም ርካሾቹ ክፍሎች ከመኪናው ማቆሚያ በታች፣ ከባሕሩ ውሃ ገጽ በታች ያሉት ናቸው። ንጹሕ ናቸው፣ ግን መስኮት የለም፣ የሞተሩም ድምፅ ይሰማል። ለወጣት ምንም አይደለም። ለእናቴ ግን አልወሰድኩትም።

«መስኮት ያለው» የሚለውን ቃል በጥንቃቄ አንብቡ። የሲልያ መርከቦች ሴሬናድና ሲምፎኒ ውስጥ፣ በመሃል 140 ሜትር ገደማ የሚረዝም በሱቅና በካፌ የተሞላ ጎዳና አለ። አንዳንዶቹ ክፍሎች መስኮታቸው ወደዚያ ጎዳና ነው የሚከፈተው። ባሕር አያዩበትም። ባሕር ማየት ከፈለጋችሁ «የባሕር እይታ» የሚለውን ነው መምረጥ ያለባችሁ። የሚያቅለሸልሻችሁ ደግሞ ከመርከቡ መሃል አካባቢ ያለ ክፍል ጠይቁ፤ ከፊትና ከኋላ ጫፍ ይልቅ የሚወዛወዘው በጣም ያነሰ ነው።

ባሕር ለሚከብዳቸው

ከእኛ ሰው መካከል ባሕር ሲባል ሜዲትራኒያን ወይም ቀይ ባሕር ትዝ የሚለው፣ ወንድም እህት ያጣበት ብዙ ነው። እንዲህ ያለውን ሰው «አይዞህ፣ ምንም የለም» ብላችሁ ለአንድ ሙሉ ሌሊት አታሳፍሩት። መጀመሪያ አጭር ሞክሩ። ከስቶክሆልም በስተሰሜን ካለችው ግሪስለሃምን ወደ ኤኬሮ የሚሄደው መርከብ ሁለት ሰዓት ገደማ ብቻ ነው የሚፈጀው፣ በቀን ሄዶ በቀን ይመለሳል። ኤኬሮ የፊንላንድ የሆኑት የኦላንድ ደሴቶች አካል ናት። እሱን ከለመደው በኋላ ራሱ «ሄልሲንኪስ መቼ ነው?» ይላችኋል።

ስለ ሰዓት

ይህን ክፍል አትዝለሉት። ቲኬቱ ላይ 16፡45 ከተባለ በእኛ አቆጣጠር 10፡45 ነው። ይህን ሁላችንም እናውቃለን፣ ግን እናትና አባት በስልክ ስትነግሩ ይዘበራረቃልና ሁለቱንም ጻፉላቸው። ሁለተኛ፣ ፊንላንድ ከስዊድን አንድ ሰዓት ትቀድማለች። ቲኬቱ ላይ ያለው ሰዓት ሁልጊዜ የዚያ ወደብ አገር ሰዓት ነው። ከስቶክሆልም መነሻው በስዊድን፣ ከሄልሲንኪ መነሻው በፊንላንድ። መርከቡ ውስጥ ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት የየትኛው አገር እንደሆነ ደግሞ እንደገባችሁ አረጋግጡ፤ የራትና የቁርስ ሰዓት በዚያ ነው የሚሄደው።

እማዬ ስቶክሆልም ወር ሙሉ ስትቆይ የእጅ ሰዓቷን አልቀየረችም። «የአገሬን ሰዓት አልነካም» ብላ እኔ በየቀኑ አንድ ሰዓት ስቀንስላት ነው የኖርኩት። የገባኝ በኋላ ነው፤ በአውሮፓ በጋ የሄልሲንኪና የአዲስ አበባ ሰዓት አንድ ነው። ይህ ምን እንደጠቀመን ወደ መጨረሻው እነግራችኋለሁ።

ስንቅና ጾም

ራት ቡፌ የምትፈልጉ ከሆነ ከቲኬቱ ጋር አብራችሁ ያዙት። መርከቡ ላይ ገብታችሁ ስትጠይቁ ይወደዳል፣ ወይም ቦታ ያልቃል። ሁለት ዙር አለ። የመጀመሪያውን ከያዛችሁ መርከቡ በደሴቶቹ መሃል ሲሄድ እናንተ ሳህን ላይ አቀርቅራችሁ ታልፉታላችሁ። ሁለተኛውን ያዙ።

ጾም ላይ ለሆነ ሰው ቡፌው ብዙ አያዋጣም። ድንች፣ ሰላጣ፣ ፍራፍሬ አለ፤ ሾርባውና ዳቦው ግን ወተት ወይም ቅቤ ሊኖረው ስለሚችል ጠይቁ። የራሳችሁን ምግብ ይዛችሁ ገብታችሁ ክፍላችሁ ውስጥ መብላት ትችላላችሁ። ማሞቂያ የለም፣ ምጣድም ምድጃም ይዞ መግባት አይቻልም። ስለዚህ ቀዝቅዞ የሚበላ ነው መያዝ። እኛ ሽሮ ፍትፍት በሳህን፣ ቆሎና ዳቦ ቆሎ ይዘን ነበር። እማዬ ቆሎውን ለጎረቤት ካቢን ፊንላንዳዊ አዛውንት ሰጥታ ሰውዬው አጣጥሞ አጣጥሞ ባዶ እጁን ዘረጋ። አማርኛና ፊንላንድኛ ሳይገናኙ ቆሎው አገናኛቸው።

ተርሚናል ላይ

ከመነሻው አንድ ሰዓት በፊት ድረሱ። በሩ መርከቡ ከመነሳቱ ቀደም ብሎ ይዘጋል፤ ደቂቃው ቲኬቱ ላይ ተጽፏል፣ አይለምኑትም። የቡኪንግ ቁጥሩን ማሽኑ ላይ ስታስገቡ ካርድ ይወጣል። ያ ካርድ የመግቢያ ቲኬታችሁም፣ የክፍላችሁ ቁልፍም ነው። አትጣሉት።

መኪና ይዛችሁ ከሆነ ቀደም ብላችሁ ሂዱ። መኪናውን ካቆማችሁ በኋላ የእጅ ፍሬን ያዙ፣ ማርሽ ውስጥ አስገቡ፣ አላርሙን አጥፉ፤ አለዚያ መርከቡ በተወዛወዘ ቁጥር ይጮኻል። የመኪናው ፎቅ ጉዞው እስኪያልቅ ስለሚዘጋ ፒጃማ፣ መድኃኒት፣ የሕፃን ወተት ሁሉንም በትንሽ ቦርሳ ይዛችሁ ውጡ። የቆማችሁበትን ፎቅና የበሩን ቁጥር ፎቶ አንሱ። የሚነዳው ሰው ማታ አይጠጣ። የስዊድን ገደብ በደም ውስጥ 0.2 ፕሮሚል (ከሺህ 0.2) አልኮል ነው፣ ጠዋት ከመርከብ ስትወርዱ ፖሊስ ሊያስነፋችሁ ይችላል።

ከተሳፈራችሁ በኋላ

መጀመሪያ ስልካችሁን ኤርፕሌን ሞድ ላይ አድርጉ። ይህን የማያውቅ ሰው ብዙ ገንዘብ ይከፍላል። የአውሮፓ ኅብረት አገሮች ውስጥ ስዊድን ባለው ዋጋ መደወል የተቻለው እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ ነው። መርከቡ ከየብስ ሲርቅ ግን ስልካችሁ የመርከቡን የሳተላይት ኔትወርክ ይይዛል። ያ ከአውሮፓው ሕግ ውጪ ስለሆነ ለብቻው ያስከፍላል። የመርከቡን ዋይፋይ ተጠቀሙ።

ቀጥሎ የካቢኑ በር ጀርባ ያለውን ካርታ አንብቡ። አደጋ ቢደርስ የምትሰበሰቡበት ቦታ ተጽፏል። በእግራችሁ አንዴ ሄዳችሁ እዩት። የሕይወት አድን ጃኬት ክፍላችሁ ውስጥ ካጣችሁ አትደንግጡ፤ ብዙ ጊዜ የሚቀመጠው መሰብሰቢያው ጋ ነው። የአደጋ ምልክቱ ሰባት አጭርና አንድ ረጅም ጩኸት ነው። እ.ኤ.አ. መስከረም 28 ቀን 1994 ከታሊን ወደ ስቶክሆልም ትመጣ የነበረችው ኤስቶኒያ የምትባል መርከብ ሌሊት ሰምጣ 852 ሰው አልቋል። ከዚያ ወዲህ የመርከቦቹ የደኅንነት ሕግ በጣም ጠብቋል። ቢሆንም አምስት ደቂቃ ሰጥቶ መውጫውን ማወቅ ለልጆቻችሁ ስትሉ የምታደርጉት ነው።

ከዚያ ጃኬት ደርባችሁ ላይ ውጡ። የስቶክሆልም ደሴቶች፣ ትልቁም ትንሹም ድንጋይም ተቆጥሮ፣ 30,000 ገደማ ናቸው። መርከቡ በመሃላቸው ለሰዓታት ይሄዳል። አንዳንድ ቦታ፣ ለምሳሌ ፉሩሱንድ ላይ፣ መንገዱ በጣም ስለሚጠብ ሰው በረንዳው ላይ ቡና ሲጠጣ ታያላችሁ፤ ልጆች እጃቸውን ያውለበልባሉ። እማዬ መልሳ ስታውለበልብ ነው ያመሸችው። ነጠላዋን በንፋሱ እንዳይወሰድባት አገጯ ሥር ቋጥራ፣ ሁለት ሰዓት ሙሉ አልተቀመጠችም።

ደሴቶቹ መሃል እስካላችሁ ውሃው ጸጥ ያለ ነው። የሚያወዛውዘው ከደሴቶቹ ወጥታችሁ ክፍት ባሕር ስትገቡ ነው፤ ይኸውም አብዛኛውን ጊዜ ማታ፣ ተኝታችሁ ሳለ ነው። የሚያቅለሸልሻችሁ ክኒኑን ከመነሳታችሁ በፊት ዋጡ፤ ከጀመረ በኋላ ብዙም አይረዳም። ዝንጅብልም ይረዳል። ባዶ ሆድ አትሁኑ።

ሌሊት መርከቡ ሲቆም ብትነቁ ማሪየሃምን ነው፤ የኦላንድ ዋና ከተማ። ለጥቂት ደቂቃ ብቻ ይቆማል። አትውረዱ። የሚቆምበት ምክንያት አለው፤ የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ1999 በአባል አገሮች መካከል የሚሸጠውን ቀረጥ ነፃ ዕቃ ሲያስቀር፣ ኦላንድ ከኅብረቱ የታክስ ክልል ውጪ ስለሆነች እዚያ የሚነካ መርከብ መሸጡን ቀጠለ። ለዚያ ነው የመርከቡ ሱቅ ሽቶና ቸኮሌት ይዞ እንደዚያ የሚጨናነቀው። ለምትሰጡት ሰው የፊንላንዱን ሰማያዊ ቸኮሌት ፋዘርን ግዙ፤ አያሳፍርም።

ሄልሲንኪ

ከመድረሱ አንድ ሰዓት በፊት ተነሱና እንደገና ላይ ውጡ። መርከቡ ሄልሲንኪ ደጃፍ ላይ ካለው የሱኦመንሊና ምሽግ አጠገብ ባለ ጠባብ በር ነው የሚያልፈው። የበሩ ስፋት 80 ሜትር ገደማ ነው። ያን የሚያህል መርከብ በዚያ ሲያልፍ ከሁለቱም በኩል ሣሩን የምትነኩት ይመስላችኋል። ምሽጉ እ.ኤ.አ. በ1748 መሠራት የተጀመረው ስዊድን ፊንላንድን በምትገዛበት ዘመን ነው።

ከሁለቱም ተርሚናሎች መሃል ከተማው በእግር ይደረሳል። ገንዘቡ ዩሮ ነው፤ ክሮና ይዛችሁ ገበያ አትውጡ። ካታያኖካ ለወረደ ሰው የኡስፔንስኪ ኦርቶዶክስ ካቴድራል ቅርብ ነው። እማዬ ቀይ ጡቡንና የወርቅ ጉልላቱን አይታ ከደጅ ተሳልማ ነው ያለፈችው። ከዚያ ወደ ባሕሩ ዳር ገበያ ውረዱ፤ ቡና አለ። ፊንላንዶች በዓለም ላይ በነፍስ ወከፍ ብዙ ቡና ከሚጠጡት ናቸው፤ ግን ቆልተው አያጠቁሩትም፣ ለእኛ አፍ ይቀጥናል።

ቀኑን አንድ ቦታ ብቻ ለማየት ከፈለጋችሁ ግን በትራም ወደ ኦሊምፒክ ስታዲየም ሂዱ። እ.ኤ.አ. በ2005 የዓለም ሻምፒዮና ጥሩነሽ ዲባባ 5,000ንም 10,000ንም ሜትር ያሸነፈችበት ነው። በ5,000 ሜትር ከአንደኛ እስከ አራተኛ የእኛው ልጆች ነበሩ፤ ጥሩነሽ፣ መሠረት ደፋር፣ እጅጋየሁ ዲባባ፣ መሰለች መልካሙ። ቀነኒሳ በቀለም 10,000ውን ወስዷል። እማዬ ያንን ማታ ከሰፈር ሰው ጋር በቴሌቪዥን ያየችው ነው። አጥሩ ጋ ቆማ ስም በስም ጠራቻቸው።

መልስ

ገበያው ላይ ቡና ይዘን ተቀምጠን ስልኬን አየሁ። 15፡10 ይላል። መርከቡ 17፡00 ስለሚነሳ ጊዜ አለን ብዬ ሁለተኛ ቡና ላዝዝ ተነሳሁ። እማዬ የእጅ ሰዓቷን አየችና «ልጄ፣ አሥር ሰዓት ከአሥር ሆኗል እኮ» አለችኝ። ስልኬን ከመርከቡ ጀምሮ ከኤርፕሌን ሞድ አላወጣሁትም ነበር፤ ሰዓቱ የስዊድን እንደሆነ ቀርቷል። የእሷ ሰዓት ትክክል ነው። ቡናውን ትተን ነው የሄድነው፤ በሩ ሊዘጋ ሲል ደረስን።

ስለዚህ ሄልሲንኪ እንደረገጣችሁ ስልኩን ከኤርፕሌን ሞድ አውጡ፣ ሰዓቱ መቀየሩንም በዓይናችሁ እዩ። ሲመሽ ስትሳፈሩ መልሳችሁ አስገቡት። ጠዋት ስቶክሆልም ስትወርዱ ጉምሩክ አለ። ከመርከቡ ሱቅ ለአንድ አዋቂ ያለ ቀረጥ የሚያልፈው 1 ሊትር ጠንካራ መጠጥ፣ 4 ሊትር ወይን፣ 16 ሊትር ቢራና 200 ሲጋራ ነው። ሽቶና ሌላ ዕቃ እስከ 430 ዩሮ ድረስ ያልፋል። መጠጡን ለማስገባት 20 ዓመት መሙላት ያስፈልጋል። ደረሰኙን ከቦርሳው በላይ አድርጉት። ከክፍሉ ከመውጣታችሁ በፊት ደግሞ የሻወሩን በር ጀርባ እዩ፤ የእማዬ ነጠላ እዚያ ተሰቅሎ ነበር።